ካርቦኑን አትውቀሱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ተዳፋት ላይ በሚነሳ ንፋስ ስለሚበሩና በሬዲዮ ስለሚታዘዙ ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ሲጻፍ ወሬው ዘወትር ስለ ፍጥነታቸው ነው። አንባቢም ያንን ይዞ ያጠራቀመውን ገንዘብ ያወጣና ሦስት ሜትር ገደማ ክንፍ ያለው፣ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ይገዛል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው በረራ ስብርባሪውን በጆንያ ለቅሞ ሲመለስ ታገኙታላችሁ። «ካርቦን ካርቦን ሲሉን የነበረው ይኸው ነው?» ይላል። ካርቦኑ ግን ጥፋት የለበትም። ክንፍ አየር ላይ ሳለ ሸክም በዝቶበት የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው። ጥፋቱ የሚሠራው ቀደም ብሎ ነው፤ ወይ ገና ጠረጴዛ ላይ ሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ሲገጠም፣ ወይ ማረፊያው ሳይታሰብ በተወረወረበት ቅጽበት። ስለ ፍጥነቱ ሌሎች በደንብ ስለጻፉ እኛ ስለ ስብራቱ እንጻፍ።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንበት አንባቢ ያህል፦ ንፋስ ሜዳ አቋርጦ መጥቶ ተራራ ሲገጥመው መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል። ግላይደሩ በአየሩ ውስጥ ሁልጊዜ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው፤ አየሩ ግን እሱ ከሚወርድበት ፈጥኖ ስለሚወጣ ከፍታው አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል። አሞራ ክንፉን ሳያራግብ አፋፍ ላይ ሲንሳፈፍ የሚውለው በዚሁ ነው።

በዚህ ዘርፍ ዋናው ውድድር ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ 3 ኤፍ ብሎ የሰየመው ነው። ከአፋፉ ጎን ለጎን፣ እርስ በርሳቸው በ100 ሜትር የሚራራቁ ሁለት የመታጠፊያ መስመሮች ይወሰናሉ። ግላይደሩ በመካከላቸው 10 ጊዜ ይጓዛል፤ በድምሩ 1000 ሜትር ከ9 መታጠፊያ ጋር። ከእጅ ከተወረወረ በኋላ ወደ መስመሩ ለመግባት የሚሰጠው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ የቻለውን ያህል ከፍታ ይሰበስብና ቁልቁል ተምዘግዝጎ ይገባል። ደንቡ ጠቅላላ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ፣ በእያንዳንዱ የክንፍና የጅራት ካሬ ዴሲሜትር ላይ የሚያርፈው ሸክም ከ75 ግራም እንዳይበልጥ፣ የአፍንጫው ጫፍ ክብነትም ራዲየሱ ከ7.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። ንፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር ካነሰ ወይም ከ25 ሜትር ከበለጠ ውድድር የለም። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2012 ጀርመን ውስጥ ሩገን ደሴት ላይ ነበር። ጥሩ ንፋስ በተገኘበት ቀን ጎበዝ አብራሪ 1000 ሜትሩን ከ35 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ መታጠፊያው ሁሉ ተቆጥሮ በአማካይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። (እ.ኤ.አ. በ2021 ስፔንሰር ሊዘንቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰዓት ከ870 ኪሎ ሜትር በላይ ያስመዘገበበት፣ ከተራራ ጀርባ እየተሽከረከሩ የሚበሩት በረራ ሌላ ሙያ ነው። ያንን ቪዲዮ አይቶ በገዛ በሳምንቱ ከተራራ ጀርባ ለሚገባ ሰው የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ጆንያው ነው።)

ቁጥሮቹ ለጌጥ አይደሉም። 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ግላይደር በሰከንድ 40 ሜትር ሲሄድ 3200 ጁል ጉልበት ተሸክሟል፤ ያንኑ ዕቃ ከ80 ሜትር ከፍታ እንደመልቀቅ ነው። በሰከንድ 30 ሜትር እየሄደ 9 ሜትር ገደማ በሆነ ራዲየስ ሲታጠፍ ክብደቱ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ክንፉ 40 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያለችግር ይችለዋል። የማይችለው ሌላ ነገር ነው።

ክንፉ ውስጡ ባዶ ነው። የላይኛውና የታችኛው ቆዳ ለየብቻ በሻጋታ ተሠርተው ይጣበቃሉ። እያንዳንዱ ቆዳ ከውጭ ስስ የካርቦን ጨርቅ፣ ከመካከል አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ፎም፣ ከውስጥ ደግሞ ሌላ ስስ ጨርቅ ነው። መታጠፍን የሚቋቋመው ከክንፉ ሥር እስከ ጫፉ የሚሄደው የካርቦን ስፓር ነው፤ ቆዳው በበኩሉ ክንፉ እንዳይጠማዘዝ ይይዘዋል። እንግዲህ በስፓሩ በኩል ሰው ቢንጠለጠልበት የሚችል ክንፍ፣ ሁለት ጣት ከስፓሩ አልፎ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሲገጥሙትም ሲሸከሙትም የሚያዘው ከፊት ጠርዙና ከስፓሩ መስመር ነው፤ ከኋላ ጠርዙ በፍጹም አይያዝም።

ሙቀትም አለ። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ (የካርቦኑን ጨርቅ የሚያያይዘው ሙጫ) ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ መለሳለስ ይጀምራል፤ በጥቁር ቀለም የተቀባ ገጽ ፀሐይ ላይ ያንን በቀላሉ ያልፋል። የክንፎቹ የላይኛው ገጽ ብዙውን ጊዜ ነጭ የሚሆነው፣ መሸፈኛ ከረጢታቸውም ብርማ የሚሆነው ለዚህ ነው። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ውሎ የተጣመመ ክንፍ በማናቸውም ትሪም (ከሪሞቱ በሚሰጥ የመሪ ማስተካከያ) አይቃናም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። እንዲህ ያለ ግላይደር ስድስት ሰርቮ ይይዛል፤ ሁለት ለኤይለሮን (ወደ ክንፉ ጫፍ ላለው፣ ግላይደሩን ወደ ጎን ለሚያዘነብለው ተንቀሳቃሽ የኋላ ጠርዝ)፣ ሁለት ለፍላፕ (ወደ ክንፉ ሥር ላለው፣ ለማረፍ ለሚወርደው ጠርዝ)፣ ሁለት ለቪ ቅርጹ ጅራት። ክንፉ ስስ ስለሆነ የሚገቡት ሰርቮዎች ውፍረታቸው 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር የሆኑት ናቸው። ብዙ ሰው ውድ ሰርቮ ይገዛና በሁለት ጠብታ ሙጫ ይለጥፈዋል። ፍላተር የሚባለው ጣጣ የሚወለደው እዚህ ነው። ኤይለሮኑ ትንሽም ቢሆን ልቅ ከሆነ ፍጥነት ሲጨምር መርገብገብ ይጀምራል፤ የእሱ መርገብገብ ክንፉን ይጠመዝዘዋል፤ የክንፉ መጠማዘዝ ደግሞ ኤይለሮኑን መልሶ ይመታዋል። አንዱ ሌላውን እያጋጋለ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማጠፊያውን ይገነጥለዋል ወይም የሰርቮውን ጥርስ ይበላዋል። መሬት ላይ ላለ ሰው «ብርርር» የሚል የወረቀት ድምፅ ይሰማዋል። ያንን የሰማ አብራሪ አፍንጫውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አንስቶ ፍጥነቱን ይግደል፤ ከዚያ ያውርደው። ምክንያቱ ሳይገኝ ዳግመኛ መወርወር ክልክል ነው።

ልቅነቱ የሚመጣው ከሰርቮው ጥርስ፣ ከማገናኛ ዘንጉ ጫፎች፣ ወይም ሰርቮው ከክንፉ ጋር ከተጣበቀበት ቦታ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ሪሞቱና ሪሲቨሩ (ግላይደሩ ውስጥ ያለው የሬዲዮ ተቀባይ) በርተው፣ ሰርቮው በኤሌክትሪክ ተይዞ ሳለ የኤይለሮኑን የኋላ ጠርዝ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተላወሰ በዝቷል። የጣት ስሜት እንዲህ ያለውን ከማናቸውም መለኪያ ይበልጥ ያገኛል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ሰርቮው ብቻውን አይለጠፍም፤ የክንዱን መዞሪያ ከሌላኛው ጫፍ በኩዝኔት የሚደግፍ ማቀፊያ አለው፣ የሚለጠፈው ማቀፊያው ነው። ድጋፉ ከሌለ መዞሪያው በጭነት ጊዜ ያዘምማል፤ ጥርሱ ምንም ጥብቅ ቢሆን ጫፉ ይላወሳል። ማቀፊያው የሚያርፍበትን የክንፉን የውስጥ ገጽ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ በአልኮል መጥረግ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ በጥጥ ብናኝ ወይም በሲሊካ አወፍሮ መጠቀም። የአምስት ደቂቃው ኢፖክሲ ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀት ሲነካው ቶሎ ይለሰልሳል። ሙጫ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል የሚሉም አሉ፤ ተሳስተዋል። ኢፖክሲ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ስሱን ቆዳ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በማግስቱ ክንፉን ገልብጠው ሲያዩት የሰርቮው ቅርጽ ከላይ በኩል ታትሞ ይገኛል። ስስና እኩል ሽፋን ይበቃል።

የክንዱ ርዝመት ብዙ ሰው የሚስትበት ነው። ሰርቮው ላይ ያለው ክንድ አጭር፣ ኤይለሮኑ ላይ ያለው ቀንድ ረጅም መሆን አለበት፤ ሰርቮው ሙሉ ጉዞውን ተጉዞ ነው ኤይለሮኑ የሚፈለግበት የሚደርሰው። ረጅም ክንድ አስሮ ጉዞውን ሪሞቱ ላይ በግማሽ የሚቀንስ ሰው፣ የከፈለበትን ጉልበት ግማሹን ጥሎ ልቅነቱን እጥፍ አድርጎታል። ፍላፑ የተለየ ነው፤ ወደ ታች ከ60 ዲግሪ በላይ ይወርዳል፣ ወደ ላይ የሚፈለግበት ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ክንዱ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይታሰራል፤ አለዚያ ፍላፑ ለማረፊያ በሚያስፈልግበት ሰዓት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም ባትሪ፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ከሚችሉ ሰርቮዎች ጋር፣ በቂ ነው። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ባትሪው መልሶ የሚጠጣውን መጠን መመዝገብ ጥሩ ልማድ ነው፤ ቁጥሩ ያለምክንያት ከጨመረ አንድ ሰርቮ የሆነ ቦታ ተጨንቆ እየገፋ ነው። የሚያስቸግረው የክንፉ ሥር ላይ ያለው ማገናኛ ነው፤ ገብቶ የገባ መስሎ፣ በሁለተኛው መታጠፊያ የሚለቅ። ሰርቮዎቹ እየሠሩ ሽቦውን በጣት ነካ ነካ ማድረግና አንዳቸውም አለመንተፋተፋቸውን ማየት ይገባል። ካርቦን የሬዲዮ ሞገድን ስለሚጋርድ የ2.4 ጊጋኸርዝ አንቴናዎች ወይ ከፋይበርግላስና ከኬቭላር በተሠራ አፍንጫ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ወይ ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው በ90 ዲግሪ ይሁኑ።

የክብደት ማዕከሉ አምራቹ ከሰጠው ቁጥር ይጀመራል፣ ከዚያ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር እየተባለ ይስተካከላል። መፈተኛው የታወቀ ነው፤ በቂ ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ትሪም ተደርጎ፣ በ45 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ማስገባትና የኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት መሪ) መቆጣጠሪያ መልቀቅ። ፈጥኖ አፍንጫውን ካነሳ ፊቱ ከብዷል፤ የፊቱን ክብደት ለማመጣጠን የተሰጠው የኤሌቬተር ትሪም ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ይበዛና ይስበዋል። ይበልጥ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ኋላው ከብዷል፤ ይህኛው አደገኛው ነው፣ ቶሎ አንስቶ ማረፍ ይሻላል። በቀስታ ከተቃና ተስማምቷል። ለመነሻ ያህል፣ ኤይለሮኑ ወደ ላይ 20 ወደ ታች ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀስ፤ ኤሌቬተር ሲሳብ ደግሞ ፍላፑና ኤይለሮኑ አብረው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይውረዱ። ይህች ቅንጅት በመታጠፊያ ላይ ክንፉ ያለብዙ ብክነት እንዲሸከም ታደርገዋለች፤ ከበዛች ግን ፍሬን ትሆናለች። በመታጠፊያው መውጫ ፍጥነት የሚያጣ ግላይደር ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው።

ባላስት (ሆን ተብሎ የሚጨመር ክብደት) ላይ ረዘም እንበል፤ የማያውቅ ሰው በጣም የሚገረመው በዚህ ነውና። ንፋስ ሲበረታ ግላይደሩን እናከብደዋለን እንጂ አናቀለውም። ክብደት ሲጨምር የመንሸራተቻው ማዕዘን አይለወጥም፤ ፍጥነቱ ብቻ በክብደቱ ጭማሪ ካሬ ሥር ያድጋል። ጠቅላላ ስፋቱ 60 ካሬ ዴሲሜትር የሆነ ግላይደር ባዶውን 2.4 ኪሎ ግራም ቢመዝን በካሬ ዴሲሜትር 40 ግራም ይሸከማል። በደንቡ የመጨረሻ ልክ 75 ግራም ሲሞላ 4.5 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ፍጥነቱ በ37 በመቶ ይጨምራል። ልብ በሉ፣ ይህ ግላይደር 5 ኪሎ ግራም ላይ ሳይደርስ ነው ደንቡ የሚያቆመው። ዋጋውም አለ፤ የመውረዱ ፍጥነት በዚያው 37 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ሽቅቡ ንፋስ ደካማ በሆነበት ሰዓት የተሞላ ግላይደር ከአፋፉ በታች ይቀርና ከሸለቆው በእግር ይፈለጋል። ንፋሱ የሚመጣው እየነፈሰ እየቆመ ከሆነ ለደካማው ሰዓት መጫን ነው የሚያዋጣው፤ ለጠንካራው አይደለም።

ባላስቱ በክንፉና በአካሉ ውስጥ ባሉ ቱቦዎች የሚገባ ዘንግ ነው፤ ነሐስ፣ እርሳስ ወይም ተንግስተን። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ነሐስ 8.5፣ እርሳስ 11.3፣ ተንግስተን 19.3 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ጠባብ ቱቦ ያለው ሰው ለምን ተንግስተን እንደሚመኝ ከዚህ ይገባል። እርሳስ ረከስ ይላል፣ ነገር ግን ስለሚለሰልስ በከባድ ማረፍ ተጨፍልቆ ቱቦው ውስጥ ይጣበቃል። ሁለት ነገሮች አይዘነጉ። ባዶው የቱቦ ክፍል በእንጨት ወይም በፎም ቁራጭ ይሞላ፤ የሚንሸራተት ዘንግ በድንገት ሲቆም መዶሻ ነው። ሁለተኛው፣ ቱቦው ከክብደት ማዕከሉ ፊት ወይም ኋላ ከሆነ ማዕከሉ ይሸሻል። 500 ግራም ከማዕከሉ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ ጠቅላላው 3 ኪሎ ግራም በሆነ ግላይደር ላይ ማዕከሉን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ባዶውን በሚሊ ሜትር እየለካ ያስተካከለ ሰው ባላስት ጨምሮ ሳይለካ ሲወረውር ማየት የተለመደ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይገባንም።

ማረፍ። ከሚሰበሩት መካከል አብዛኞቹ የሚሰበሩት እዚህ ነው፤ ቦታውም የታወቀ ነው፣ ከክንፉ ኋላ ያለው ቀጭን የጅራት ግንድ። አንድ የክንፍ ጫፍ ሣር ወይም ድንጋይ ይነካል፣ ግላይደሩ በዚያ ጫፍ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ጅራቱ ግን በነበረው ጉዞ መቀጠል ይፈልጋል፤ ግንዱ ቀጭ ይላል። ፍሬኑ ፍላፑን ከ60 ዲግሪ በላይ ማውረድና ኤይለሮኖቹን ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ አብሮ ኤሌቬተሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ካልተቀናጀ አፍንጫው ቀና ይልና ፍጥነቱ ያልቃል። ይህ ቅንጅት የሚስተካከለው ከፍታ ላይ ነው፤ መሬት አጠገብ ደርሶ የሚፈትነው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዕድል ብቻ አለው።

ከአፋፉ ኋላ ያለው አየር ከፊቱ እንዳለው አይደለም። ጠርዙ ስለታም በሆነ ቁጥር ንፋሱ ከመሬቱ ይለቅና ከኋላ ይሽከረከራል፤ እዚያ ውስጥ የገባ ግላይደር ድንገት ከሥሩ አየር እንደተነጠቀ ይወድቃል። ክብ ጠርዝ ያለው ኮረብታ ለማረፍ ይቀላል። ስለታም ከሆነ ወይ ከአዙሪቱ አልፎ በቂ ርቀት ላይ ማውረድ፣ ወይ ከአፋፉ ፊት ካለው ተዳፋት ጎን ማሳረፍ ነው። መሬት አጠገብ ንፋሱ ራሱ ደካማ ስለሆነ ግላይደሩ በወረደ ቁጥር በክንፉ ላይ የሚያልፈውን አየር ያጣል፤ ፍጥነት ከፍ አድርጎ መምጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ትርፉን ፍሬኑ ይበላዋል። ሊነካ ሲል ደግሞ ፍላፑን ወደ ላይ መመለስ፤ ወርዶ የቀረ ፍላፕ መሬት ሲመታ ጥርሱ ብረት የሆነ ሰርቮ እንኳ አይተርፍም። ይህን ሁሉ አስቦ ቦታውን በእግሩ ሄዶ ያላየ ሰው አይወርውር። ሣሩ ውስጥ የተደበቀው ድንጋይ ከአብራሪው ቦታ አይታይም።

ሲግናል ቢጠፋ ሪሲቨሩ የሚወስደው እርምጃ ቀድሞ ይሞላል፤ ፍሬኑ ወጥቶ መሪው በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ቢታዘዝ ግላይደሩ እየዞረ በቅርብ ይወርዳል። ባዶ የተተወው ወይም «የመጨረሻውን ትእዛዝ ያዝ» የሚለው በሰከንድ 40 ሜትር መንገዱን ይቀጥላል። ከዚህ በላይ የምንቆጣበት ነገር የለም፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ውድድሮች ላይ ከተመልካችና ከዳኞች ፊት የደኅንነት መስመር ይሰመራል፤ ያንን ያለፈ ነጥብ ይቀነስበታል። ለመዝናናት በሚበርበት ኮረብታ ላይ መስመሩን የሚያሰምረው አብራሪው ራሱ ነው፤ አጠገቡም መንገደኛ ሲመጣ የሚነግረው ሌላ ሰው ይቁም፤ የእሱ ዓይን ከግላይደሩ ሊነሳ አይችልም።

ፎቶ አንሺያችሁን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የምትልኩ ከሆነ ከአብራሪው ጀርባ፣ ከማረፊያው በተቃራኒው ጎን ይቁም። ውብ ፎቶ የሚገኘው ከአፋፉ በታች ካለው ተዳፋት እንደሆነ እናውቃለን፤ መታጠፊያው ግን እዚያው ፊት ለፊት ነው። አብራሪው ጮክ ብሎ «ላሳርፍ ነው» ሲል ደግሞ ካሜራውን ከዓይኑ ያውርድ፤ በሌንስ የሚያይ ሰው ግላይደሩ ያለበትን ርቀት በትክክል አይገምትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ የሆኑ የተዳፋት ግላይደር አብራሪዎች